ሰባቱ ሞተዋል፣ አንዷ ታወራለች

ሪያድ፣ ባጥሐ ሰፈር ውስጥ መድኃኒት ቤት ተሰልፌ ነበር። በፈረንጆቹ 2021 ሊያልቅ አካባቢ ነው፤ ማስኩ ከፊታችን ገና አልወረደም። ከኋላዬ አንድ ቀጭን ሰው በአማርኛ ስልክ ያወራል። ድምፅን ዝቅ ማድረግ የሚባል ነገር ጭራሽ አልፈጠረበትም።

«አስራ ስድስት ናቸው» ይላል። «አዎ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ። ሰባቱ ሞተዋል። አራቱን ትናንት አወጣሁ፣ ሶስቱን ዛሬ አወጣለሁ። የቀሩት ለጊዜው ደህና ናቸው።»

ክው አልኩ። ከፊቴ የቆመችውም ሴት ክው አለች። ሀጅራ ትባላለች፤ ለአሰሪዋ ልጅ የሳል ሽሮፕ እንድትገዛ የተላከች የወሎ ልጅ ናት። ዞር ብላ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ኢና ሊላሂ! ሰባት? የት ነው ወንድሜ? በአንድ ክፍል ነው?»

«በአንድ ሳጥን ነው» አላት፣ ስልኩን ሳይዘጋ።

«በሳጥን!»

«ጥቅጥቅ አድርገው ደርድረዋቸው። ሙቀቱ ነው የፈጃቸው።»

አማርኛ የሚሰማው ሰልፈኛ ሁሉ ወደ ግድግዳው ተለጠፈ። የማይሰማው ደግሞ እኛን አይቶ ተለጠፈ። መንገዱ ክፍት ሲሆንለት ሰውየው እንደ ሚኒስትር ሰተት ብሎ ወደ ባንኮኒው አለፈና ግብፃዊውን ባለ መድኃኒት በአረብኛ ጠየቀው፦ «ንፁህ አልኮል አለህ? ዘጠና ዘጠኝ ከመቶ የሆነ?»

ሪያድ መሃል! ሀጅራ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ሰው ሞቶበት ሊጠጣ ነው እንዴ?» አለችኝ።

ሰውየው ሰማት። ዞሮ ሲያየን ዓይኑ ከእኛ በላይ ደንግጧል። «ምን ነካሽ እህቴ? ሪሌይ ናቸው እኮ!»

ክቡር ኢንጂነር ሙሀባውን ያወቅሁት እንዲህ ነው። ኢንጂነርነቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ አልሰጠውም፤ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው ላይ ደግሞ ሙያው «ሾፌር» ነው፤ መሪ ጨብጦ ያየው ሰው ግን የለም።

በዓለም ላይ ሁለት አይነት ሰው አለ። አንደኛው ዕቃ ሲበላሽበት ይጥላል። ሁለተኛው ዕቃ ሳይበላሽ «እስቲ ልክፈተው» ይላል። ሁለተኛው አይነት ከየሰፈሩ አይጠፋም፤ እናንተም ቤት መጥቶ ያውቃል። ሻይ ቀርቦለት ሻዩን አያይም፣ ከጀርባችሁ ያለውን ሬዲዮ ነው የሚያየው። እኔ ባጥሐ ውስጥ ዕቃ ወደ አገር ቤት የሚልክ የካርጎ ሱቅ ስለምሰራ ብዙ ሰው አያለሁ፣ ወሬም እወዳለሁ፤ የዚህን አይነት ሰው ቁንጮ ግን ያየሁት እሱን ነው።

ከመድኃኒት ቤቱ እንደወጣን መንገድ ላይ አቁሞኝ ሁሉንም ዘከዘከልኝ። ጉበይራ የሚባል ሰፈር ውስጥ ያረጁ የኤሌክትሮኒክስ መመርመሪያ ማሽኖችን የሚጠግን ሱቅ ውስጥ ይሰራል። ሱቁ የከፊሉ፣ ማለትም ኢቃማው በስሙ የሆነለት አሰሪው፣ የአቡ ናይፍ ነው፤ አቡ ናይፍ ከስልክ መስሪያ ቤት ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። አንድ የሙያ ማሰልጠኛ በዕድሜ እሱን የሚበልጥ ማሽን አምጥቶላቸዋል፤ ሌሎች መለኪያዎች እውነት መናገራቸውን የሚመረምር መለኪያ። ሆዱ ውስጥ አስራ ስድስት ሪሌይ አለ። ሪሌይ ማለት ከባቄላ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ማብሪያ ማጥፊያ ናት፤ በጣት አትነካም፣ ትንሽ ኤሌክትሪክ ሲደርሳት ራሷ «ጭቅ» ብላ መንገዱን ትዘጋለች ወይ ትከፍታለች።

«እና ይህቺ ማሽን እስከ ሌላው ሐሙስ ካልዳነች» አለኝ፣ «እኔ ኹሩጅ ነኝ።»

ኹሩጅ የመጨረሻው የመውጫ ቪዛ ነው። ከተመታ በኋላ ልመና የለም።

«ለአንድ ማሽን?»

«የአቡ ናይፍ ልጆች ሱቁን ዝጋና አከራየው እያሉ ወጥረው ይዘውታል። ኢቃማዬ በዚያው ሰሞን ያልቃል። ይህቺን ካስረከብን ማሰልጠኛው ሌሎች አስራ ሁለት ያረጁ ማሽኖች አሉት፣ እነሱን ይሰጠናል፤ አቡ ናይፍም ያድስልኛል። ካላስረከብን ኸላስ፣ አለቀ።»

ይህን ሲነግረኝ ዓይኑ የት ነበር ትሉኝ ይሆናል። የመድኃኒት ቤቱ አውቶማቲክ በር ላይ። «ሲዘጋ ድምፁን ሰማኸው?» አለኝ። «ስድስት ወር አይቆይም።»

በማግስቱ ሱቄ መጣ። ስለ ሀጅራ ይቅርታ ሊጠይቀኝ ነው ብሎ፣ ተቀምጦ ሳይጨርስ የጠረጴዛ ቬንትሌተሬን ገልብጦ ፈታው። በደንብ የሚሰራ ቬንትሌተር ነበር። መልሶ ሲገጥመው አንድ ብሎን ተረፈ። ብሎኑን መዳፌ ላይ አስቀምጦ «ጋሼ ንጋቱ፣ ፋብሪካው አብዝቶት ነው» አለኝ። ለሳምንት ያህል ከዚያ ቬንትሌተር ፊት ለፊት አልተቀመጥኩም።

ይህ ግን ምንም አይደለም። አርብ ዕለት ምሳ ጋበዘኝ፣ እመቤት ቤት። እመቤት ጉበይራ ውስጥ ከቤቷ ምግብ የምትሸጥ እህታችን ናት፤ አርብ አርብ ሳሎኗ ይሞላል፣ ከሚበሉት ውስጥ ወረቀት ያላቸው ግማሾቹ ቢሆኑ ነው። ሽሮው ቀርቦ፣ ጨዋታው ደርቶ፣ ሙሀባው ድንገት እጁን ወደ ላይ አነሳ።

«ዝም በሉ! ስሙ!»

ያ ቤት እንዲህ ሲባል ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፤ ተፍቲሽ፣ ፖሊስ ደጃፍ ላይ ደርሷል። ጉርሻ አፍ ላይ ቀረ። አደም የሚባል የቀለም ሰራተኛ በኩሽና በኩል ወጥቶ ጣሪያው ላይ ለመገኘት የፈጀበት ጊዜ እስካሁን ይወራል። ሁለት ልጆች ሶፋ ስር ገቡ፤ ሶፋው ግን ለአንድ ሰው እንኳ የሚበቃ አልነበረም። እኔ ኢቃማዬ ኪሴ ውስጥ እያለ ኪሴን አጣሁት።

ፀጥታው ውስጥ የእመቤት ፍሪጅ «ጭቅ» አለ።

«ሰማችኋት?» አለ ሙሀባው፣ ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቶ። «ታወራለች እንጂ አትነካም!»

እመቤት ጭልፋዋን ይዛ መጣች። «አንተ ሰውዬ፣ አንተን ነው የምነካህ! ልቤን አቆምከው እኮ! ሂድ፣ አደምን ከጣሪያ አውርድልኝ!»

አደም ግን በልመናም አልወርድ አለ። ምሳው ወደ ላይ ተላከለት።

«ታወራለች እንጂ አትነካም» የክቡርነታቸው ዋና አባባል ነው፣ ልተርጉመው። ሪሌይ ስታረጅ «ጭቅ» ማለቷን አትተውም። ውስጧ ያሉት ሁለት የብረት ጫፎች ግን ጠቁረዋል፤ ይገናኛሉ፣ ኤሌክትሪክ አያሳልፉም። ሙሀባው እንደሚለው ፈፅሞ የሞተች ሪሌይ ክፉ አይደለችም፣ መሞቷን ታውቃለህና ታወጣታለህ። ክፉዋ የምታወራዋ ናት። ዛሬ ትነካለች፣ ነገ አትነካም፣ አንተ ደግሞ ጥፋቱን ሌላ ቦታ ስትፈልግ ትከርማለህ። ይህን አባባል ለሪሌይ ብቻ አይደለም የሚጠቀምበት፤ ስለ ኤምባሲ ሰው፣ ስለ ደላላ፣ አንዴም ስለ እኔ ብሎታል።

ወሬ ስለምወድ ሱቁ ድረስ ሄድኩ። ማሽኗ ሆዷን ተከፍታ ጠረጴዛው ላይ ተኝታለች። ሙሀባው የካቻቢቴውን ጫፍ ሪሌይዋ ጀርባ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮው ስር ያለው አጥንት ላይ አድርጎ ማሽኗን በሌላ እጁ ይነካካል። አንድ ጊዜ ለእኔም ሰጠኝ። ለኔ ሁሉም «ጭቅ» ናቸው። እሱ ግን «ሶስተኛዋ ደረቅ ናት፣ ዘጠነኛዋ ዘገየች» ይላል። እንደ ሐኪም ነው፤ ልዩነቱ ሐኪም በሽተኛውን «አይዞሽ የኔ እናት» አይለውም።

አዲስ ሪሌይ ከውጭ እስኪመጣ ስድስት ሳምንት ስለሚፈጅ፣ ሐራጅ የሚባለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ሄዶ የወደቀ የስልክ ማዞሪያ ሰሌዳ በኪሎ ገዛ። እነዚያ ሰሌዳዎች ላይ የማሽኗን የሚያካክሉ ሪሌዮች እንደ በቆሎ ፍሬ ተሰድረዋል። በመበየጃ ካውያው ሊዱን፣ የብየዳውን እርሳስ፣ እያቀለጠ ሰባት ነቀለ፣ እያንዳንዷን መረመረ፣ በሰባቱ ሟቾች ቦታ ተከለ፣ ሰሌዳውን በዚያ በሚያስደነግጥ አልኮሉ ጠረገ። ረቡዕ እኩለ ቀን፣ ሊያስረክቡ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ማሽኗን አበራ። እኔ ሱቄን ለጎረቤት አደራ ሰጥቼ አጠገቡ ቆሜያለሁ።

ምንም። ከሰባቱ አንዷም ጭቅ አላለችም።

ሙሀባው ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ፊቱ አመድ መሰለ። ሰው ሲደነግጥ ብዙ አይቻለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን አላየሁም። አቡ ናይፍ በሩ ላይ ቆመው መቁጠሪያቸውን ያሽከረክራሉ። ስሙ አፋቸው ውስጥ አልገባ ብሏቸው «ሙሐብ» ነው የሚሉት። «ሙሐብ ልጄ» አሉ በቀስታ፣ «ሻንጣ አለህ?»

ሻንጣ አለህ! እኔ ነኝ የደነገጥኩት። እሱ አልሰማም። ከተረፉት ሪሌዮች አንዷን አንስቶ በሁለት ሽቦ ከባትሪ ጋር አገናኛት፤ ዝም። ሽቦዎቹን አቀያየራቸው፤ «ጭቅ»።

«ፊትና ኋላ ታውቃለች!» ብሎ ሲጮህ የአቡ ናይፍ መቁጠሪያ ወደቀ። «ጋሼ ንጋቱ፣ የድሮዎቹ ፕላስና ማይነስ ግድ የላቸውም ነበር። እነዚህ ግን ይመርጣሉ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው እንዴ ሰላም የምላቸው!»

አዙሮ እንዳይተክላቸው እግሮቻቸው አይገጥሙም። ስለዚህ በእያንዳንዷ ስር ሰሌዳው ላይ ያለውን የመዳብ መስመር በምላጭ ቆርጦ እንደ ፀጉር በቀጠነ ሽቦ አቀያየረው። አስራ አራት መቁረጥ፣ አስራ አራት መበየድ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰባቱም ማውራት ጀመሩ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ይነካሉ።

ሐሙስ ወደ ማሰልጠኛው ሶስት ሆነን ሄድን። እኔ ምን አገባኝ? ማሽኗ ከባድ ስለሆነች አንድ ጎን ልያዝ ብዬ ነው፤ ለራሴ የነገርኩት እንደዚያ ነው። በሩ ላይ ዘበኛው የሙሀባውን ኢቃማ አይቶ «ሾፌር» ብሎ መዘገበውና ከመኪናው መሪ ኋላ ያሉትን አቡ ናይፍን ተመለከተ። አቡ ናይፍ ወደ ሰማይ ተመለከቱ።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ሱዳናዊው ኢንጂነር፣ በእነሱ አጠራር ባሽሙሀንዲስ፣ መርዋን ነው፤ መነፅሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚፈልግ ሰው። ማሽኗን በአስራ ስድስቱም መንገድ ሞከራት። ቁጥሮቹ ልክ ናቸው። «ማሻአላህ» አለ፤ የርክክቡን ወረቀት ሳበ፣ እስክሪብቶ አነሳ። አቡ ናይፍ እንደ ልጅ ፈገግ አሉ። እኔ በልቤ ለእመቤት ስልክ መደወል ጀምሬያለሁ።

«ላሕዛ» አለ ሙሀባው። ቆይ ማለቱ ነው።

ካቻቢቴውን አውጥቶ ጆሮው ስር አደረገ። ልብ በሉ፣ እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊነካ የቀረው አንድ ጣት ነው።

«አስራ አንደኛዋ» አለ። «ካልነካኋቸው ከዘጠኙ አንዷ ናት። ትናንት ደህና ነበረች። መንገድ ላይ ተንቀጥቅጣ ይሆናል። ታወራለች።»

«ቁጥሯ ግን ልክ ነው» አለ መርዋን።

«ዛሬ ልክ ነው። ሶስት ወር አትቆይም።»

ወይኔ! እጄን አፉ ላይ ልጭንበት አማረኝ። በአማርኛ «አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል? ይፈርም ተወው!» አልኩት። አቡ ናይፍ በአረብኛ ያንኑ አሉት፣ ትንሽ ከበድ አድርገው። መርዋን አስራ አንደኛዋን አንድ መቶ ጊዜ አበራ አጠፋት። እኔ ጮክ ብዬ ቆጠርኩ። መቶውንም ጊዜ ልክ ነበረች።

«እሺስ?» አለ መርዋን።

«መቶ አንደኛውን አላውቅም» አለ ሙሀባው።

መርዋን እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። «የጠገናት ሰው ራሱ እየመሰከረባት እኔ አልፈርምም። ውሰዷት፣ እሁድ አምጧት።»

በመኪናው ስንመለስ አቡ ናይፍ መብራት ላይ ሲቆሙ አንድ ጊዜ ብቻ «ኸላስ» አሉ፤ ለማን እንዳሉት አልታወቀም። ኢቃማው ማክሰኞ ያልቃል። እኔ ከኋላ ተቀምጬ የሙሀባውን ማጅራት እያየሁ ለእሱ ካርቶን ሳሽግለት ታየኝ። የሰው ሁሉ ዕቃ እያሸግሁ ወደ አገር ቤት እልካለሁ፤ የእሱን ካውያ፣ የእሱን ያረጀ ካቻቢቴ ማሸግ ግን አልፈለግሁም።

አርብ ከሰዓት በኋላ አስራ አንደኛዋን ነቅሎ በሌላ ተካት። የወጣችውን ግን አልጣላትም። ክዳኗን በምላጭ ፈልፍሎ ከፍቶ አቡ ናይፍ ፊት አስቀመጣት። ሽማግሌው የስልካቸውን ካሜራ አስጠግተው አጎሉት። የጤፍ ፍሬ የምታክለው የብረት ጫፍ እንደ ከሰል ጠቁራለች፤ ዳር ላይ ብቻ ትንሽ ብርማ ነጥብ ቀርታለች። መቶውን ጊዜ ያለፈችው በዚያች ነጥብ ነው።

አቡ ናይፍ ብዙ አዩዋት።

«ሰላሳ ዓመት ስልክ መስሪያ ቤት ሰርቻለሁ» አሉ በመጨረሻ። «እንዲህ የሚያደርግ ሰው ያየሁት አንድ ብቻ ነው።»

«ማን ነው?» አልኳቸው።

«እኔ ነኛ። እሱም ወጣት ሳለሁ» አሉና መነፅራቸውን አወለቁ።

እሁድ መርዋን አስራ አንደኛዋን ሁለት መቶ ጊዜ አበራ አጠፋትና ፈረመ። አስራ ሁለቱን ያረጁ ማሽኖች በአንዴ አልሰጠም፤ አንድ ሰጠ፣ «ቀጥሎ እናያለን» አለ። አቡ ናይፍም ኢቃማውን አደሱ፣ ለሶስት ወር። በዚያ ሰሞን በሩብ ዓመት ማደስ ተፈቅዶ ነበር። ሶስት ወር ለእኛ ሰው ትንሽ አይደለም።

እኔ ደግሞ እዚህ ላይ ልናዘዝ። ባለፈው ወር ለሙሀባው የወሰድኩለት ካውያ፣ የልብስ ማለቴ ነው፣ ምንም አልሆነም ነበር። ከዚያ በፊት የወሰድኩት ሬዲዮም በደንብ ይሰራል። አጠገቡ ተቀምጬ ሲፈታ ማየት ስለምወድ ነው። የሚተርፉትን ብሎኖች በአንድ የሻይ ብርጭቆ ሰብስቤ ሱቄ መደርደሪያ ላይ አስቀምጫለሁ፤ ደንበኛ ምንድን ነው ሲለኝ «የወንድሜ ናቸው» እላለሁ።

ኢቃማው የታደሰ ዕለት ማታ ሱቄን ልዘጋ ስል መጥቶ ስልኩ ላይ ያለውን አዲስ ቀን አሳየኝ። ተቃቀፍን። በሩን ቆልፌ ልንለያይ ስንል አላስችል አለኝ።

«ቆይ እስቲ፣ እውነቱን ንገረኝ። ቢፈርም ምን ነበረበት? ኢቃማህ ኪስህ ይገባ ነበር። ሶስት ወር አልፎ ብትበላሽ፣ ያኔ ትጠግናታለህ!»

ሙሀባው መንገዱን ሊሻገር አንድ እግሩን አስፋልት ላይ አድርጎ ዞረ።

«ጋሼ ንጋቱ፣ ፖሊስ ሳይ እደነግጣለሁ። ከፊሌ ሲደውል እደነግጣለሁ። ከአገር ቤት ሲደወል እደነግጣለሁ። በሰራሁት ስራ ደግሞ ልደንግጥ እንዴ?»